ዘመን ተሻጋሪና ሟች ሲዋደዱ

(በሬዲዮ የተነገረ)

ሰው አጥብቆ ከሚመኛቸው ነገሮች መካከል ረጅም ዕድሜና እውነተኛ ፍቅር የመጀመሪያውን ስፍራ ይይዛሉ። ሁለቱም መልካም ስለ ሆኑ፥ አንዱ ባለበት ሌላው የሚከተል ይመስለናል። ነገር ግን የሁለት ሰዎች ዕድሜ እጅግ የተራራቀ ሲሆን ምን ይደርሳል? አንደኛው ከዘመን ወደ ዘመን እንደ መንገደኛ እየተሻገረ ሳያረጅ የሚኖር፥ ሁለተኛው ግን እንደ ማናችንም ተወልዶ፥ ጎልምሶ፥ ሸብቶ የሚሞት ቢሆንና እነዚህ ሁለቱ ቢዋደዱ፥ ፍቅራቸው እስከ የት ይዘልቃል? የዛሬው ንግግር የሚመረምረው ይህንን ነው።

ጥያቄው ለሥራ ፈት የተተወ ተረት ሊመስል ይችላል። መዝገብ ሲያገላብጥ ውሎ ማታ ወደ ቤቱ ለሚመለስ የመንግሥት ሠራተኛ ይህ ምን ይጠቅመዋል? የሚልም አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው ቢኖር፥ መልሱን ወደ ማለቂያው ያገኘዋልና ጥቂት እንዲታገሥ እንለምነዋለን።

ከዘመን ወደ ዘመን የተሻገረ ሰው ለመፈለግ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የእኛው አገር ሰው የሆነው አቤሜሌክ አለ። ነቢዩ ኤርምያስ በጭቃ ጉድጓድ ውስጥ በተጣለ ጊዜ ንጉሡን ለምኖ፥ አሮጌ ጨርቅ በብብቱ ሥር እንዲያደርግ ነግሮት በገመድ ስቦ ያወጣው ይህ ኢትዮጵያዊ መሆኑ በትንቢተ ኤርምያስ ተጽፏል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ የሚነበበው ተረፈ ባሮክ ደግሞ ታሪኩን ወደ ፊት ያስኬደዋል። አቤሜሌክ የኢየሩሳሌምን ጥፋት በዓይኑ እንዳያይ፥ ኤርምያስ በለስ ለቅሞ እንዲመጣ ወደ አንድ የአትክልት ስፍራ ላከው። አቤሜሌክም በለሱን ለቅሞ ሲመለስ የቀትር ፀሐይ ቢበረታበት ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም አለና እንቅልፍ ወሰደው። የተኛውም 66 ዓመት ነው።

በነቃ ጊዜ እንቅልፍ አልጠግብ ብሎ ራሱ ከብዶት ነበር። ከቅርጫቱ ያለው በለስ ገና ወተቱ ይንጠባጠባል። ተነሥቶ ወደ ከተማይቱ ቢገባ ግን ቤቱን አላወቀውም፤ ዘመዶቹንም አላገኛቸውም። መንገድ የሳተ መስሎት ከከተማይቱ ወጣ፤ ተመልሶም ገባ፤ እንደ ገና ወጥቶ ተቀመጠ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ከእርሻ ሲመለስ አግኝቶ ቢጠይቀው፥ ሕዝቡ ወደ ባቢሎን ከተማረከ 66 ዓመት መሆኑን ነገረው። አቤሜሌክ በመጀመሪያ አላመነም፤ በለሱን አሳየው። ሽማግሌውም ወቅቱ የበለስ ወቅት አለመሆኑን፥ በማሳው ላይ ያለውን አዝመራ እያመለከተ አስረዳው። አቤሜሌክም በዚህ ጊዜ አመነ።

መጽሐፉ ስለ አቤሜሌክ ሚስት ወይም ስለ እጮኛው የሚናገረው የለም። እኛ ግን ሰዎች ነንና ለመጠየቅ እንገደዳለን። ያን ዕለት ጧት ከቤት ሲወጣ በር ድረስ የሸኘችው ሴት ኖራ ቢሆንስ? ለእርሱ የጧቱ ስንብት ገና ከጆሮው አልጠፋም። ለእርስዋ ግን 66 ክረምት አልፎባታል። በእርሱ እጅ ያለው በለስ ትኩስ መሆኑ እውነት ነው፤ 66 ዓመት ማለፉም እውነት ነው። የነገሩ ጭንቅ ሁለቱም እውነት መሆናቸው ነው።

የጥንት ግሪኮችም ይኸው ጥያቄ አስጨንቋቸው ነበር። በተረታቸው እንደሚነገረው፥ የጎሕ እመቤት የሆነችው ኤዎስ ቲቶኖስ የሚባል የትሮያ ልዑል ወደደች። እርስዋ የማትሞት፥ እርሱ ሟች ስለ ነበረ፥ የአማልክት አለቃ ወደሚባለው ወደ ዜውስ ሄዳ ወዳጅዋ ለዘለዓለም እንዲኖር ለመነች፤ ልመናዋም ተሰጣት። ዳሩ ግን የማይሞት ይሁን ብላ ስትለምን፥ የማያረጅ ይሁን ብላ መለመን ረስታ ነበር። ቲቶኖስ ሸበተ፥ ጎበጠ፥ እጁንና እግሩን ማንቀሳቀስ ተሳነው፤ ሞት ግን አልመጣለትም። ከገላው ይልቅ ድምፁ ብቻ የተረፈ ሽማግሌ ሆኖ ከአንዲት ክፍል ተዘጋበት፤ ሌሎችም በመጨረሻ ወደ ፌንጣ መሰል ጯኺ ነፍሳት ተለወጠ ይላሉ።

ከዚህ ተረት ውስጥ እኛን የሚነካን አንድ ነገር አለ። ከኤዎስና ከቲቶኖስ የተወለደው ልጅ ሜምኖን የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ይባላል። ግሪኮች በዚያ ዘመን «ኢትዮጵያ» ሲሉ የዛሬውን ወሰናችንን ብቻ ማለታቸው አልነበረም፤ ቢሆንም ስማችን በታሪኩ ውስጥ አለ። ሜምኖን ትሮያን ለመርዳት ዘምቶ በአኪሌስ እጅ ወደቀ። የማለዳ ጤዛ እናቱ ስለ እርሱ የምታፈስሰው እንባ ነው እየተባለም ተተረከ። እንግዲህ ይህች የማትሞት እመቤት ባልዋ እንዳይሞት አድርጋ ከሞት በከፋ እርጅና ጣለችው፤ ልጅዋንም ከሞት ማዳን አልቻለችም። የማይሞት ሰው ሟችን ሲወድ ዕዳው ይህን ያህል ነው።

እዚህ ላይ የእኛን አባቶች ጥበብ እናስተውል። አማርኛ ተናጋሪ ሰው ሲመርቅ «ዕድሜ ይስጥህ» ብሎ አያቆምም፤ «ዕድሜና ጤና ይስጥህ» ይላል። ኤዎስ የዘነጋችው ይህችን አንዲት ቃል ነው። በሠርግም ዕለት ሽማግሌዎች ተነሥተው ሙሽሮቹን «የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ፥ አብራችሁ አርጁ» ይሏቸዋል። ልብ ብለን ብናዳምጠው፥ ይህ ምርቃት ሙሽሮቹ እንዳያረጁ አይለምንም፤ እርጅናው የአንዱ ብቻ እንዳይሆን ይለምናል።

ከግሪኮች ሳንወጣ ሆሜሮስ የተረከውን የኦዲሴዎስን ታሪክ እንመልከት። ኦዲሴዎስ ከትሮያ ጦርነት ሲመለስ መርከቡ ተሰብሮበት፥ ካሊፕሶ የምትባል የማትሞት ሴት በደሴትዋ 7 ዓመት አቆየችው። ባልዋ ለመሆን ቢፈቅድ የማይሞትና የማያረጅ እንደምታደርገውም ቃል ገባችለት። ኤዎስ የዘነጋችውን ካሊፕሶ አልዘነጋችም። ኦዲሴዎስ ግን ሚስቱ ፔኔሎጴ በመልክ ከካሊፕሶ እንደማትደርስ ራሱ እያመነ፥ ወደ ሟች ሚስቱ መመለስን መረጠ። ከቤቱ ከወጣ በ20ኛው ዓመት በደረሰ ጊዜ ፔኔሎጴ ወዲያው እጅዋን አልዘረጋችለትም። አልጋቸውን ከክፍሉ አውጥተው እንዲያነጥፉለት አዘዘች። አልጋው ግን ሥሩ ከመሬት ካልተነቀለ የወይራ ዛፍ የተሠራ ስለ ነበረ ከስፍራው ሊነሣ አይችልም፤ ይህንንም የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። ኦዲሴዎስ ተቆጥቶ የአልጋውን ምሥጢር በተናገረ ጊዜ ባልዋ መሆኑን ዐወቀች። መልክ 20 ዓመት ሲለወጥ፥ ሁለቱ አብረው የሚያውቁት ነገር ምስክር ሆኖ ቆየ።

ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ፥ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. ባሳተመው የዘመን መኪና ልብ ወለድ፥ አንድ ሊቅ በራሱ ሥራ ወደ ሩቅ መጪ ዘመን ሄዶ ዊና የምትባል ደካማ ፍጥረት ከወንዝ አድኖ ይወዳጃታል። በእሳትና በጨለማ መካከል ያጣታል፤ ወደ ዘመኑም የሚመልሰው በኪሱ ያኖረችለትን ሁለት አበባዎች ብቻ ነው። አበባዎቹም ጠወለጉ። የአቤሜሌክ በለስ ትኩስ ሆኖ ቀረ፤ የዊና አበባ ደረቀ፤ ሁለቱም ግን ላላየ ሰው የሚታይ ማስረጃ ሆኑ።

የእንግሊዝ ቴሌቪዥንም በኤውሮፓ አቆጣጠር ከኅዳር 1963 ዓ.ም. ጀምሮ «ዶክተር ሁ» የተባለ ተከታታይ ትርኢት ሲያቀርብ ቆይቷል። የትርኢቱ ባለ ታሪክ ብዙ መቶ ዓመት የሚኖር፥ ሊሞት ሲደርስ ገላውን የሚለውጥ፥ ሁለት ልብ ያለው ዘመን ተሻጋሪ ነው። ትርኢቱ በ2005 ዓ.ም. እንደ ገና ሲጀመር ይህ መንገደኛ ሮዝ የምትባል በሱቅ የምትሠራ የሎንዶን ልጃገረድ ይወዳል። ደራሲዎቹ ለሦስት ዓመት ያህል መላ ሲፈልጉ ቆይተው በ2008 ዓ.ም. ያገኙት መፍትሔ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። አንድ ልብ ያለው፥ እንደ ሰው የሚያረጅና የሚሞት ሌላ ምሳሌውን ፈጥረው ከልጅቱ ጋር እንዲኖር አደረጉ። ባለ ብዙ ዘመኑ ግን ብቻውን መንገዱን ቀጠለ። እንግዲህ ይህ ሁሉ የረቀቀ መሣሪያና የከዋክብት ጉዞ ተደክሞበት የተደረሰው፥ ሽማግሌዎቻችን በሠርግ ድንኳን ቆመው ከሚመርቁት ምርቃት ላይ ነው። አብሮ የማያረጅ ባል ለሚስቱ ባል ሊሆናት አልቻለም።

ይህ ሁሉ የድርሰት ሥራ ነው፤ ሳይንስስ ምን ይላል? የሚል ጠያቂ ይኖራል። አልበርት አይንስታይን በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. ባወጣው ትምህርት መሠረት፥ እጅግ እየፈጠነ የሚጓዝ ሰዓት ከቆመው ሰዓት ይልቅ ቀስ ብሎ ይቆጥራል። ፈረንሳዊው ሊቅ ፖል ላንዥቬን በ1911 ዓ.ም. ይህን በምሳሌ ሲያስረዳ፥ በብርሃን ፍጥነት አጠገብ የሚበር መንገደኛ ለራሱ 2 ዓመት ተጉዞ ሲመለስ፥ በምድር ላይ 200 ዓመት አልፎ ሊያገኝ ይችላል ብሏል። በ1971 ዓ.ም. ሃፌሌና ኪቲንግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እጅግ ትክክለኛ የሆኑ ሰዓቶችን በመንገደኞች አውሮፕላን አሳፍረው ዓለምን አዞሯቸው። ሰዓቶቹ ከምድሮቹ ጋር ሲነጻጸሩ በእርግጥ ልዩነት ተገኘ፤ ልዩነቱ ግን በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍሎች የሚቆጠር ነው። በጠፈር ጣቢያ አንድ ዓመት የሚቀመጥ ሰውም የሚያተርፈው ከአንድ ሴኮንድ መቶኛ ክፍል ያነሰ ነው። ከቦሌ ተነሥቶ የሚበር ሰው እንግዲህ ሽበቱን የሚያዘገይለት ነገር እንደማያገኝ ይወቀው። ደግሞም በፍጥነት የሚከፈተው ይህ መንገድ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚወስደው፤ ተሰናብቶ ወደ ተዋት ወጣት ሴት ዘመን የሚመልስ አይደለም።

አሁን ወደ መንደራችን እንመለስ። በአዲስ አበባ መካከል፥ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን ካዛንቺስን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስሙ የመጣው ጣልያን አገራችንን ወርሮ በነበረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣልያን ድርጅት ካቆማቸው «ካዛ ኢንቺስ» ከተባሉ ቤቶች ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ሆይ፥ ሠፈሩ ስሙን ያገኘው ካንተ ከመሰለ ጸሐፊና መዝገብ ያዥ ነው ማለት ነው። ቤቶቹን የሠራው ወራሪ በ5 ዓመት ውስጥ ሄደ፤ ስሙ ግን ከአማርኛ ጋር ተጋብቶ ቀረ።

በዚያው አካባቢ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ አለ። ወደ ውስጥ የገባ ሰው የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር የሚሆን የመስታወት ሥዕል ያያል። ሥዕሉ በሦስት የተከፈለ ሲሆን ያለፈውን፥ የአሁኑንና የሚመጣውን የአፍሪካ ዘመን ያሳያል። በአንድ ፀሐይ ሦስቱ ዘመናት በአንድ ጊዜ ሲያበሩ ማየት በእርግጥ ዘመን መሻገር ነው። በዚያው ግቢ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ይዘው ይኖራሉ። ከውጭ የሚመጡ እንግዶች ወደ ኢትዮጵያ ሲገቡ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወጣን እያሉ ይቀልዳሉ። ቀልዱ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ በየትኛውም አቆጣጠር ቢሆን ሰው ከእናቱ ሆድ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ያለው ዕድሜ ያው ነው።

ካዛንቺስ ራሱም አላረፈም። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌሎች ሠፈሮች ተዛውረዋል። አሁን አንድ ሰው እናስብ። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ከአገር ከወጡት ብዙ ወጣቶች አንዱ ነው። በካዛንቺስ አንዲት ልጅ ይወድ ነበር፤ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ። ሥራው፥ ወረቀቱና ችግሩ ያዘውና ዛሬ ሸምግሎ በቦሌ ገባ። የልጅቱን ቤት ቢፈልግ ቤቱ የለም፤ መንገዱም ያ መንገድ አይደለም። እንደ አቤሜሌክ ከሠፈሩ ወጣ፥ ገባ፥ እንደ ገና ወጣ። በልቡ የያዘው ፍቅር ግን በቅርጫት እንዳለው በለስ ወተቱ ይንጠባጠባል።

በመጨረሻ ጠያይቆ ያገኛታል እንበል። እርስዋ ጠብቃ ጠብቃ አግብታለች፤ ወልዳለች፤ ወላጆችዋን ቀብራለች፤ በቀበሌ ሰልፍ ቆማለች፤ የዕድር ገንዘብ በየወሩ ከፍላለች፤ ባልዋም ሞቶባት ይሆናል። ይህ ሰው ሁለት ዓይነት አነጋገር መናገር ይችላል። በለሱን አውጥቶ እያሳየ «እነሆ፥ የእኔ ፍቅር አልተለወጠም፤ አንቺ ለምን ተለወጥሽ?» ሊላት ይችላል። ወይም ደግሞ በለሱን ወደ ጎን አኑሮ «እኔ በሌለሁበት ዘመን ምን ደረሰብሽ? ንገሪኝ» ሊላት ይችላል። የመጀመሪያው አነጋገር ፍቅር ቢመስልም ክስ ነው። ፍቅር የሚባለው ሁለተኛው ነው። አቤሜሌክ የተመሰገነ ሰው የሚሆንልን ከመተኛቱ የተነሣ አይደለም፤ ሽማግሌው የነገረውን ሰምቶ፥ አዝመራውን አይቶ ከማመኑ የተነሣ ነው።

በዚህ ስፍራ «እኔ ባሕር ማዶ አልሄድሁ፥ ይህ ነገር አይመለከተኝም» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይህን ለሚል ወንድማችን የምንነግረው አለን። ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖረም ዘመን ሊሻገር ይችላል። ጧት ልጆቹ ሳይነቁ ይወጣል፤ ማታ ከተኙ በኋላ ይገባል። መዝገቡ፥ ስብሰባው፥ ከሥራ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር የሚያመሸው ማምሸት ቀኑን ይበላዋል። ሚስቱ ስታዋየው የሚሰማው በግማሽ ጆሮ ነው። ለእርሱ እንደ ቀትር እንቅልፍ አጭር የሆነው ጊዜ ለእርስዋ ዓመታት ነው። «ጡረታ ስወጣ አብረን እናርፋለን» ይላታል። ከ60 ዓመቱ ላይ የጡረታ ደብዳቤውን ይዞ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ግን የሚያገኛት ትቷት የወጣውን ሴት አይደለም፤ ከወንበሩ ፊት ለፊት የተቀመጠችው ሽበቷ መቼ እንደ ወጣ የማያውቀው ሰው ነች። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለው ለሹመት ብቻ የተነገረ አይመስለኝም። የቆየ ከሚስቱ ይወልዳልም ይባላል፤ ቆየ የተባለው ግን ከሚስቱ ጋር የቆየው ነው እንጂ ከሚስቱ ርቆ የቆየው አይደለም።

ሞት ሳይቀድማቸው አብረው የሚሞቱ ባልና ሚስት ጥቂቶች ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የቀረውም ለዚያ ጊዜ «ዘመን ተሻጋሪ» ይሆናል። የሟቹን ሳቅና ቁጣ፥ ቡና ሲጠጣ የነበረውን አመል ሌላ ማንም ወዳላየበት ዘመን ይዞት የሚሄደው እርሱ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ለታተመው ታላቅ ልብ ወለዳቸው የሰጡት ስም የፍቅርን ወሰን መቃብር ላይ ያቆመዋል። መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያነበበልን ወጋየሁ ንጋቱ አርፏል፤ ደራሲውም አርፈዋል፤ ድምፁ ግን ከሞተ በኋላ በተወለዱ ልጆች ጆሮ ዛሬም ይሰማል። ቲቶኖስ ከገላው ተለይቶ ድምፁ ብቻ ሲቀር ቅጣት ሆነበት፤ ለወጋየሁ ግን ክብር ሆነለት። ልዩነቱ የመጣው አንደኛው መሞት ስለ ተከለከለ፥ ሁለተኛው ግን የተሰጠውን ዘመን በሚገባ ሠርቶበት ስላለፈ ነው።

እንግዲህ ከመነሻችን ላይ ለጠየቅነው ጥያቄ ይህን መልስ እንሰጣለን። ረጅም ዕድሜ ያለውና ሟቹ ሊዋደዱ ይችላሉ፤ ነገር ግን ፍቅራቸው እንዲጸና ባለ ብዙ ዘመኑ ወደ ሟቹ ዘመን መውረድ አለበት። ኦዲሴዎስ የወረደው በፈቃዱ ነው፤ የሎንዶኑ መንገደኛ በምሳሌው ወረደ፤ ኤዎስ ግን ወዳጅዋን ወደ ራስዋ ልትወስድ ስትሞክር አጠፋችው። በየቤታችንም እንዲሁ ነው። ጊዜ ያለው ሰው፥ ሥልጣን ያለው ሰው፥ ጤና ያለው ሰው፥ ከደከመውና ከቀረው ወዳጁ ጋር እርምጃውን ማስተካከል ይገባዋል። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል የሚለው ብሂል ከአንድ ዘመን እንዲቀዱም ጭምር የሚያስገድድ ነው።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ይህን ጋዜጣ አጥፋችሁ ስታስቀምጡ በቤታችሁ ካለው ሰው ዘንድ ቀርባችሁ «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?»፥ «ዛሬ እንዴት ዋልህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም እስኪያልቅ ስሙ። አንድ ቀን ስትጠይቁ ያንን አንድ ቀን አብራችሁ ኖራችሁት ማለት ነው። ሳትጠይቁ የቀረው ቀን ግን የተኛችሁበት ነው፤ ምንም በለስ ቢኖራችሁ አይመልሰውም።

ዕድሜን ከጤና፥ እርጅናንም ከወዳጅ ጋር ይስጥልን።